መመሳሰል ሁሉ ኩረጃ አይደለም

ፓብሎ ፒካሶና ዦርዥ ብራክ እ.ኤ.አ. በ1911 አካባቢ የሠሯቸው አንዳንድ ሥዕሎች የማን እንደሆኑ ለባለሙያም ለመለየት ያስቸግራሉ። ታሪክ ግን አንዱን የሌላው ኮራጅ አላለም፤ ሁለቱንም የኩቢዝም አባት ብሎ መዘገባቸው።

የእስክንድር ቦጎሲያን ስም ሲነሳ ሚዛኑ ይለወጣል። ሥዕሎቹ የፖል ክሌን ወይም የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራ ሲመስሉ "ከእነሱ ወሰደ" ለማለት የሚቸኩለው ብዙ ነው። እርግጥ ነው፣ እስክንድር ፓሪስ ኖሯል፣ ከሁለቱም ሥራ ተምሯል። ምልክቶቹን ግን ከአገሩ ክታብና ከቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ቀድቷል። ደግሞስ ክሌ ራሱ በ1914 ቱኒዚያ ሄዶ አይደል ከቀለም ጋር የታረቀው? ፒካሶስ በ1907 ፓሪስ ውስጥ ባያቸው የአፍሪካ ጭምብሎች አልተለወጠም?

አውሮፓዊው ሲወስድ ፈጠራ፣ አፍሪካዊው ሲወስድ ኩረጃ ከተባለ ፍርዱ ገምድል ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብሩሽ የሚያነሳ ወጣትም ገና በመጀመሪያ ሥራው "ይሄ የእገሌ ነው" እየተባለ አንገቱን ይደፋል። ማንን እንደሚመስል መናገር ቀላል ነው። ሠዓሊን የሚመዝነው ጥያቄ በወሰደው ላይ ምን ጨመረ የሚለው ነው።