ርዕሰ አንቀጽ፦ «ጭረት ናት» ያልናት ቁስል



በእኛ በሰቆጣ ሰው ከሰው ተጣልቶ ከተማታ ወዲያው ሽማግሌ ይቀመጣል። የአባቶቻችን ወግ ነውና አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ሽማግሌው ሐኪም ልሁን ሲል ነው። እንዲህ ካደረጉት አንዱ እኔው ራሴ ነበርሁ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ጎረቤታችን በጠብ መሐል የእጁ አንጓ ላይ በማጭድ ተቆረጠ። ቁስሉ የጣት ስፋት አይሞላም፤ ደሙም በቡና ዱቄት ቆመ። «ምን ሆነና፣ ጭረት ናት» አልን። በአንድ በግና በጥቂት ብር አስታረቅናቸው፤ ተሳሳሙ። ከርሞ ቁስሉ ሲድን ሁለት ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። ለካ የተቆረጠው ጅማት ኖሯል። ዛሬ እርፍ መጨበጥ አይችልም። ይክሰስ ቢባል በጊዜው ያየው ሐኪም የለ፣ የተጻፈ ወረቀት የለ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጉዳትን በደም ብዛት አይለካም። አንቀጽ 555 ሕይወትን ለአደጋ ያጋለጠውን፣ ጤናን ለዘለቄታው የጎዳውን፣ ዋና የአካል ክፍልን ያጎደለውን ወይም ከሥራ ውጪ ያደረገውን፣ መልክን ክፉኛ ያበላሸውን ጉዳት ከባድ ይለዋል፤ ታስቦ ከተፈጸመ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ከዚያ የሚያንሰው በአንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳት ነው። እብጠትና ሰንበር ብቻ ሲሆን በአንቀጽ 560 የእጅ እልፊት ይባላል። እኛ ጭረት ያልነው የትኛው ውስጥ እንደሚገባ አንባቢ ይፍረድ።

ጭንቅላት ደግሞ ይብሱን አታላይ ነው። የራስ ቆዳ ትንሽ ተፈንክቶ ብዙ ይደማል። በደረቁ በዱላ የተመታው ግን አንዲት ጠብታ ሳይታይበት፣ ሲጫወት አምሽቶ፣ ደሙ ራስ ቅሉ ውስጥ ፈስሶ ሊሞት ይችላል። ካስመለሰው፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ እንቅልፍ ከተጫነው እስኪነጋ አይጠበቅም።

ስለሆነም የተመታ ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይሂድ፤ ለፖሊስም ያመልክት። ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቅ ሐኪሙ የቁስሉን ቦታና ጥልቀት፣ የተጎዳው አካል መሥራት አለመሥራቱን ይጽፋል። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ጉዳይ ከሆነ አቤቱታው በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ እንዳለበትም አይዘንጋ። ዕርቁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ በጉም የትም አይሄድ። እኔ በበኩሌ የሐኪም ወረቀት ያልቀረበበት ጉዳይ ላይ ከእንግዲህ ሽማግሌ ሆኜ አልቀመጥም።

የማኅበሩ ጸሐፊ