ስክሪኑ ጠፋ ማለት ኮምፒውተሩ ጠፋ ማለት አይደለም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ትንሽ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ እየሠራ ስክሪኑን ብቻ ስለማጥፋት። ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳታልፏት።

ነገሩ ሰኔ ላይ ነው። የሆም ሩም ክፍሌን ሮስተር ጨርሼ፣ የዓመቱን ማርክ ከቪዲዮ ትምህርቶቹ ጋር ወደ ፍላሽ እየገለበጥኩ ሳለ መብራት ሄደ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ባትሪው 31 ፐርሰንት ይላል፣ ፍላሹ ደግሞ ቀርፋፋ። ክዳኑን ብዘጋው ይተኛል፣ ግልበጣውም ይቆማል። ስለዚህ ስክሪኑን ብቻ አጠፋሁና ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ የነበረው የሒሳብ መምህር ጨለማውን አይቶ ራሱን ያዘ። "በስመአብ! ጠፋብህ እኮ! የዓመት ልፋት!" አለ።

"አልጠፋም፣ የጠፋው ስክሪኑ ነው" አልኩት።

"ታዲያ ምን ለየው?"

ሰውዬው ዲግሪ አለው፣ እኔ እንደምታውቁት የዲፕሎማ መምህር ነኝ። ግን አልስቅበትም። ቋንቋችንም ሳያግዘን አይቀርም። መብራት ጠፋ፣ በግ ጠፋ፣ ማርክ ጠፋ፤ ሁሉም ያው "ጠፋ" ነው። ልጆቻችን ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ የሚፈሩትም ይህንኑ ነው፤ የጠቆረ ነገር ሁሉ የጠፋ ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን የደረሰውን ልንገራችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ለአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ ስንቋን ተሸክማ ከገጠር መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ በአንድ ጣት እየፈለገች ግማሽ ገጽ ጽፋለች። እኔ ደግሞ "ስክሪኑን አጥፉና ወደ እኔ ተመልከቱ" አልኩ። ልጅቷ ሲፒዩ የምንለውን ሣጥን ትልቁን ቁልፍ ተጭና ያዘችው፤ ድርግም። ሴቭ አላደረገችም ነበር። ምንም አላለችም፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የእኔ ነው። ስክሪንና ኮምፒውተር ሁለት ዕቃ መሆናቸውን በኖራ ሰሌዳ ላይ ሥዬ "ኢንፑት፣ አውትፑት" አስብዬአታለሁ እንጂ እጇን ይዤ አላሳየኋትም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ዴስክቶፑ ላይ ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ ራይት ክሊክ፣ ኒው፣ ከዚያ ሾርትከት በሉ። አድራሻ የሚጠይቅ ሣጥን ይመጣል። እዚያ የሚጻፈው ፓወርሼልን የሚጠራ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ መስመር ነው። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች እምቢ ስለሚል እዚህ አልጽፈውም፤ አትሜ ላብራቶሪው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ራቅ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ፎቶውን እልካለሁ። የሚሠራው ሥራ ግን ቀላል ነው፤ ስለ ሞኒተሩ ለዊንዶውስ መልእክት ይልካል። መጨረሻው ላይ ያለችው 2 ቁጥር "አጥፋ" ማለት ናት። 1 ብትሆን ኃይል ይቀንሳል፣ ኔጌቲቭ 1 ብትሆን ያበራል። ስሙን በአማርኛ "ስክሪን አጥፋ" ብትሉት ዊንዶውስ ቅር አይለውም። ከዚያ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ ኮንትሮል፣ ኦልት እና አንድ ፊደል ስጡት፤ በማውስ ከከፈታችሁት እጃችሁ ትንሽ ሲነቃነቅ መልሶ ይበራል።

ማውረድ የሚያስፈልገው ፕሮግራም የለም፣ እኔ የወደድኩትም ለዚህ ነው። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆይ "ይህን አውርዱ" የሚል ምክር ምን እንደሚጠቅም ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

መስመሩን መጻፍ የከበደው ሌላ መንገድ አለው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ የማብሪያ ቁልፉ ሲጫን ምን ያድርግ የሚለውን "ተርን ኦፍ ዘ ዲስፕሌይ" አድርጉት። ያቺ ልጅ የተጫነችው ቁልፍ እንደዚህ ቢስተካከል ኖሮ፣ ነካ አድርጋ ብትለቀው ስክሪኑ ብቻ ነበር የሚጨልመው። (ተጭናችሁ ከያዛችሁት ግን አሁንም ይገድለዋል፣ ተጠንቀቁ።) አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ስክሪናቸው ሲጠፋ ራሳቸውም ይተኛሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በማይጎዳ ነገር ሞክሩት።

አንድ ወዳጄ "ስክሪን ሴቨሩን ጥቁር ማድረግ አይበቃም?" ብሎኛል። አይበቃም። የኤልሲዲ ስክሪን ከኋላው መብራት አለው፤ ሥዕሉ ጥቁር ሲሆን ያ መብራት አይጠፋም፣ መጋረጃ ተጋረደበት ማለት ነው እንጂ። የእኔ ዘመን ልጆች በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣውን ፕላዝማ ታስታውሳላችሁ። የደቡብ አፍሪካዎቹ አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው ሳንመልስ "ቬሪ ጉድ" ብለውን የሚያልፉበት! እሱ ሌላ ነበር፤ እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ስለምትበራ የጠቆረ ሥዕል ኃይል ይቆጥብ ነበር። አሁን ኦሌድ ስክሪን ያለው ስልክም እንደዚያው ነው። የላብራቶሪያችን ሞኒተሮች ግን ኤልሲዲ ናቸው።

"ለዚች ለምታክል መብራት?" የሚልም አለ። የዴስክቶፕ ሞኒተር እንደ ስፋቱና እንደ ብርሃኑ ከ15 እስከ 30 ዋት ገደማ ይበላል፣ ሲጠፋ ከ1 ዋት በታች ይወርዳል። ሃያውን 20 ዋት ብትሉት 400 ዋት ነው። ጄኔሬተር ላይ ላለ ላብራቶሪ ይህ ቀልድ አይደለም። ዩፒኤስ መጮህ ሲጀምርም ሴቭ አድርጎ ስክሪኑን ያጠፋ ልጅ የጀመረውን ለማስጨረስ ጥቂት ደቂቃ ያገኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ዋቱ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በወረቀትም በኦንላይንም ተሰጠ። እዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የጓሳ ንፋስ በሚገርፈን መንዝ፣ ኮምፒውተር በሳምንት አንዴ ለሦስት የሚነካ ልጅ ከፈተናው በፊት ማሸነፍ ያለበት ፍርሃቱን ነው። መሀል ላይ ስክሪኑ ድርግም ቢልበት የሚደነግጥ ልጅና "ማውሱን ልነቅንቀው" የሚል ልጅ እኩል አልተቀመጡም። እኛ ግን "ሾርትከት ማለት ምንድን ነው?" ብለን በምርጫ እንፈትናለን፤ "ለ" ብሎ ሙሉ ያገኛል፣ አንድም ሾርትከት ሠርቶ አያውቅም። ለእኔ የመጀመሪያው የአይቲ ክፍለ ጊዜ ይህች መሆን አለባት። ልጁ ራሱ ይሠራታል፣ በአማርኛ ስም ያወጣላታል፣ ያጠፋል፣ ያበራል፣ የጻፈው እዚያው እንዳለ ያያል። የኮምፒውተር ትውልዶች ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ከዚያ በኋላ ይደርሱበታል።

ዘንድሮ በዚህ ጀምሬያለሁ። እንዳይመስላችሁ፣ ሁሉም አልተሳካም፤ ከዩፒኤሶቹ አብዛኞቹ ባትሪያቸው ሞቷል፣ መብራት ሲሄድ ሴቭ ለማድረግ እንኳ ፋታ አይሰጡም። ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው የሚወስዱት። እዚያ አዲስ አበባ መርካቶ የምትመላለሱ ልጆቼ፣ ዋጋውን ብቻ ጠይቃችሁ ንገሩኝ፤ ገንዘቡን እኛው እዚህ እንተጋገዝበታለን።