ላባችንን ለሌባ አንላክ!

ወገን፣ እንነጋገር! የእናትህን ዕቁብ፣ የእህትህን የዓረብ አገር ላብ ሰብስበህ በፎቶ ብቻ ለምታውቀው «ፋብሪካ» ትልካለህ። ሲበላብህ «ዕድሌ ነው» ትላለህ። ዕድል አይደለም፣ ሳይጠይቁ መክፈል ነው!

አሊባባ ላይ ስለተገኘ ብቻ ሻጩ ታማኝ አይሆንም። አጭበርባሪ ቶሎ የሚልህ አንድ ነገር ነው፦ «ከአሊባባ ውጭ ክፈለኝ፣ ዋጋ እቀንስልሃለሁ»። እዚያች ላይ አቁም! ትሬድ አሹራንስ የሚባለው ዋስትና የሚሠራው በራሱ በአሊባባ በኩል ስትከፍል ብቻ ነው። በዌስተርን ዩኒየን የላክኸው ግን አንዴ ከተወሰደ አለቀ።

የድርጅቱ ስም ሌላ፣ የባንክ ሒሳቡ የግለሰብ? አትላክ። «አካውንት ቀይረናል» የሚል ኢሜይል መጣ? በፊት በምታውቀው ስልክ ደውለህ አረጋግጥ። መጀመሪያ ናሙና አስመጣ፤ ብዙ ካዘዝክ ሳይጫን በገለልተኛ መርማሪ አስፈትሽ።

«ጓንዡ ያለ የአገራችን ልጅ ነው» ቢሉህም አትሞኝ። አማርኛ መናገር ደረሰኝ አይሆንም! ወገኑን የሚወድ ውል ይፈርማል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ውል ስትጠይቀው «አታምነኝም እንዴ?» ብሎ የሚቆጣ ወንድምህ አይደለም፣ ሌባህ ነው።

ዶላር እንዲህ በመከራ በሚገኝበት አገር፣ ለሌባ የሚሄደው ሁሉ የጋራ ቁስላችን ነው። ነቅተህ ነግድ! ሼር አድርገህ ሌላውንም አንቃ!