የማን ተማሪ ነበር?

አጣዬ ላይ ሙቀቱ በረድ የሚለው አመሻሽ ላይ ነው። ያን ጊዜ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ይሞላል፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ሰው ቶሎ አይነሳም። ክርክሩ ከአርሴናልና ከማንቸስተር ይጀምርና ሳይታወቅ ወደ አገር ቤት ይዞራል። ከኢትዮጵያ ከወጡት ተጫዋቾች ቁንጮው ማን ነው? ሽበት ጣል ያደረገበት መንግሥቱ ወርቁን ይጠራል። ጎልማሳው ሳላዲን ሰኢድን ያስቀድማል። ልጆቹ አቡበከር ናስር ይላሉ፤ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና ያስቆጠራቸውን 29 ግቦች እንደ ዳዊት ይደግሙታል። አንድ ምሽት ጥግ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ የነበረ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጣልቃ ገባ።

«ጋሼ፣ መንግሥቱ ወርቁ የማን ተማሪ ነበር?»

«የጊዮርጊስ ነዋ!»

«ክለቡን አይደለም የጠየቅኩት፤ ትምህርት ቤቱን ነው።»

የመለሰለት ሰው አልነበረም። ወሬው ወደ ሌላ ዞረ፤ ልጁም ወጥቶ ሄደ። እኔ ግን ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

ሌላ አገር ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። አሜሪካኖች ኳሱን በእጅ ይዘው በሚሮጡበት በራሳቸው እግር ኳስ «ታላቁ ማን ነው?» ብለው ሲከራከሩ፣ «ከየትኛው ኮሌጅ ወጣ?» የሚለው አብሮ ይነሳል። የተጫዋቹ ስም ሲጠራ የኮሌጁ ስም ይከተላል። ብዙዎች የምንጊዜም ምርጥ ተቀባይ የሚሉት ጄሪ ራይስ፣ ኢታ ቤና በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ካለው ከሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት ነው እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ የገባው። ኢታ ቤናን ያወቅናት በእሱ ነው። በእኛው እግር ኳስም ቢሆን፣ የአሜሪካ ሴቶች ቡድን ኮከብ የነበረችው ሚያ ሃም ስትነሳ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ይነሳል። የዚያ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ከ20 በላይ የአገር አቀፍ ዋንጫ ወስዷል። ሥርዓታቸው እንከን አለበት። ኮሌጆቹ ከተማሪዎቹ ላብ ብዙ ገንዘብ ሲሰበስቡ፣ ልጆቹ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2021 ድረስ በገዛ ስማቸው ገቢ ማግኘት ተከልክለው ኖረዋል። ያንን ልንወርሰው አይገባም። ሆኖም «ይህን ልጅ ያሳደግኩት እኔ ነኝ» ብሎ ደረቱን የሚነፋ ተቋም አላቸው። እኛ ጋ እንዲህ የሚል ማን ነው?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የድሬዳዋው የጥጥ ማኅበር ሰው ነበር። የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁ የጊዮርጊስ ነበር። የዘመኑንና ከዚያ በኋላ የመጡትን ክለቦች ስም አስታውሱ። መቻል የጦር ሠራዊቱ ነው፤ ኦሜድላ የፖሊስ፤ ንብ የአየር ኃይል። መብራት ኃይል፣ ቴሌ፣ ምድር ባቡር፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ መተሐራ ስኳር ስማቸው ራሱ ማንነታቸውን ይናገራል። ዛሬም ንግድ ባንክ፣ መድንና የከተማ አስተዳደሮች አሉ። ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ዋንጫ ካነሱት መካከል አንድም የኮሌጅ ወይም የዩኒቨርሲቲ ቡድን የለም።

እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ኳሳችንን አቁመውልናል፤ ምስጋናቸውን አልነሳም። ግን ጦር ሰፈርም ሆነ ፋብሪካ የሚቀጥረው የደረሰ ሰው ነው። ባንክ የ12 ዓመት ልጅ አያስፈርምም። ታዲያ ልጁ ከ7 ዓመቱ እስከ 17 ዓመቱ ድረስ በማን እጅ ነበር? ኳስ ማቆም፣ ቀና ብሎ ማየት፣ በሁለቱም እግር መምታት፣ ተሸንፎ እጅ መጨበጥ የሚለመድበት ጊዜ ይህ አይደለም? በእነዚያ አሥር ዓመታት በየቀኑ ልጁን እያየ ስሙን የሚጠራ ከትምህርት ቤት በቀር ሌላ የመንግሥት ተቋም አለ?

ትምህርት ቤት ይህን ማድረግ እንደሚችል አንድ ሕያው ምስክር ነበረን። ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ልጅ ነው። በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውቶ፣ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኖ የ1954ቱን ዋንጫ አመጣ፤ ከ1964 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) በፕሬዚዳንትነት መራ። ከአንድ የትምህርት ቤት ግቢ የተነሳ ልጅ የአህጉሩን ኳስ አስተዳደረ። ከዚያ ወዲህ 60 ዓመት አልፎ ስንት ትምህርት ቤት ከፈትን? ከእነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ስሙ ከአንድ ታላቅ ተጫዋች ስም ጋር ተያይዞ የሚጠራ አንድ ማን ሊጠቅስልኝ ይችላል?

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ነበር። ክፍላችን 70 ያህል ተማሪ ነበረው፤ ኳሱ አንድ። ኳሱ የሚቀመጠው ዕቃ ግምጃ ቤት ሲሆን ቁልፉ ያለው ሌላ ሰው ጋ ነው። መምህሩ ሰውዬውን ፈልጎ፣ ፈርሞ፣ ኳሱን አውጥቶ እስኪመጣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ፈተና ሲደርስ ያቺም ሰዓት ለሒሳብ ትሰጣለች። እኛ ታዲያ ኳስ የተማርነው ከደወል በኋላ፣ በካልሲ ጠቅልለን በሠራነው የጨርቅ ኳስ፣ የማሽላ አገዳ ከተቆረጠበት ማሳ ላይ ነው። ከመካከላችን ዛሬም ዓይኔ ላይ የሚሄድ አንድ ግራኝ ነበር፤ እንደ እሱ ኳስ የሚገፋ ልጅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ማንም አስተማሪ አላየውም። ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጫኝ ሆነ። የጠፋው ስንፍና ስለነበረበት ነው? ወይስ አይቶ ስሙን የሚመዘግብ ሰው ስላልነበረ?

በየሰፈሩ ታዳጊ የሚያሠለጥኑ፣ «ፕሮጀክት» የምንላቸውን ቡድኖች የያዙ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከኪሳቸው ኳስ ገዝተው፣ ከሥራ በኋላ ፊሽካ አንጠልጥለው ሜዳ የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ኳስ ካላት በእነሱ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ለምን ይሠራሉ? ርእሰ መምህሩ በሩን ከፍቶ «ሜዳው ያው፤ ከሰዓት በኋላ ያንተ ነው» ቢላቸው ምን ይጎድልበታል?

ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ልምጣ። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ብዙዎቹ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አላቸው፤ በሥልጠና ዲግሪ፣ ማስተርስ፣ ዶክትሬትም ይሰጣሉ። ሰፊ ግቢ፣ መኝታ ቤት፣ የተማሪ ምግብ ቤት፣ ክሊኒክ፣ መምህራን አላቸው። አንድ የተጫዋቾች አካዳሚ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? ታዲያ የስፖርት ሳይንስ ተመራቂው በአራት ዓመት ቆይታው ስንት ታዳጊ በእጁ አሳደገ? የመመረቂያ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ በዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ ባዶ እግራቸውን የሚጫወቱት ልጆች ምን አተረፉ? የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከይፋት ቆላ፣ ከአጣዬ፣ ከማጀቴ፣ ከካራቆሬ፣ ከሰንበቴ የተሰበሰቡ 30 ታዳጊዎች ክረምቱን እዚያ ከርመው ቢመለሱ ምን ያህል ይከብዳል? ክረምት ላይ መኝታ ቤቱ ባዶ አይደለም?

ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ እናውቃለን። በርካታ የሊጉ ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። የተጫዋች ክፍያ ከልክ አልፎ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን መወሰን አስፈልጎ ነበር። በየክረምቱ የዝውውር ጊዜ ሲመጣ ያው ተጫዋች ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይዞራል፤ የሕዝብ ገንዘብም አብሮት። የአንድ ተጫዋች የአንድ ወር ደመወዝ ስንት ኳስ ይገዛል? ከተማው ይህን ገንዘብ አውጥቶ በዓመቱ መጨረሻ የቀረለት ምንድን ነው? ዋንጫ ከሆነ አንድ ከተማ ብቻ ነው የሚወስደው። የቀሩት ለልጆቻቸው ምን አስቀሩ?

የዕድሜ ነገርም አለ። ከ17 ዓመት በታችና ከ20 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ «ዕድሜ ቀንሷል» የሚለው ሐሜት ያልተነሳበት ጊዜ አለ? አሠልጣኙ ያምናል፤ ልጁ ይምላል፤ ወረቀቱ ትናንት የወጣ ነው። እውነተኛው ማስረጃ ግን ድሮም አለ። አንደኛ ክፍል የገባበት መዝገብ፣ በየዓመቱ ያለፈበት ሮስተር፣ አብረውት የተማሩት ልጆች። ትምህርት ቤት ውስጥ ያደገ ተጫዋች ዕድሜው አይሰወርም፤ 40 የክፍል ጓደኛ ይመሰክርበታል። ፌዴሬሽኑ ይህን መዝገብ ለምን አይፈልገውም?

«ኳስ ተሰጥዖ ነው፤ ብራዚሎቹ ከመንገድ ነው የወጡት» የሚሉኝ አሉ። ተሰጥዖ ከመንገድ ይመጣል፤ እውነት ነው። ሎዛ አበራም ዱራሜ ላይ ከወንዶች ጋር ተጋፍታ ነው ያደገችው፤ በራሷ ጥረት ማልታ ደርሳ በአንድ የውድድር ዘመን 30 ግብ አስቆጠረች። ጋቶች ፓኖም ከጋምቤላ ተነስቶ ሩሲያ ድረስ ሄዷል። የእነሱን ብርታት አደንቃለሁ። ነገር ግን ከዱራሜ የወጣችው አንዷ ሎዛ ብቻ የሆነችው ሌሎቹ እግር ስላልነበራቸው ነው? በየትምህርት ቤቱ ሴት ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዳር ቆማ የጓደኞቿን ደብተር ስትጠብቅ አላየንም?

የኮትዲቯሩን ክለብ አሴክ ሚሞዛን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አቢጃን ላይ አካዳሚ ከፍቶ ታዳጊዎችን ጠዋት ኳስ፣ ከዚያ ትምህርት ያስተምር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1999 እነዚያው ልጆች የቱኒዚያውን ኤስፔራንስን 3 ለ 1 አሸንፈው የአፍሪካ ሱፐር ካፕን ወሰዱ። ኮሎና ያያ ቱሬ፣ ዲዲየር ዞኮራ፣ ኢማኑኤል ኢቡዌ፣ ሰሎሞን ካሉ፣ ጀርቪኞ ከዚያ ቤት ወጡ። ዛሬ አቢጃን ውስጥ «ያያ የማን ተማሪ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ መልስ ያገኛል። አንድ ክለብ ከጥቂት ክፍሎችና ሜዳ ጋር ያን ካደረገ፣ የእኛ ትምህርት ሚኒስቴር በሺዎች የሚቆጠሩ ግቢዎች ይዞ ምን አገደው?

አባቶችም ጥያቄ አለባችሁ። «ኳስ እንጀራ አይሆንም» ብላችሁ ታኬታውን የደበቃችሁ፣ ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ጉልበቱ የተጎዳ፣ በ28 ዓመቱ ከክለቡ የተሰናበተ፣ በእጁ ሙያ የሌለው ስንት ተጫዋች አይተናል። መድኃኒቱ ግን ኳሱን መከልከል ነው ወይስ ኳሱንና ደብተሩን አንድ ግቢ ውስጥ ማኖር? ትምህርት ቤቱ ቡድን ቢኖረውና «ውጤት የሌለው አይሰለፍም» የሚል ሕግ ቢያወጣ፣ ልጃችሁ ደብተሩን የበለጠ አይዝም ነበር?

ስታዲየም የለንም የሚለውንም አውቃለሁ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጥረው ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር፤ የእኛ ሜዳዎች መስፈርት አላሟሉምና። የዚያን ቀን ደስታዬ ግማሽ ነበር። ስለ ስታዲየሙ ብዙ ተጮኸ፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ለ12 ዓመት ልጅ የሚያስፈልገው የካፍ መስፈርት ነው? ድንጋዩ የተለቀመ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ የቆመበት፣ ማንም አጥሮ የማይወስድበት ሜዳ አይበቃውም?

አጣዬ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተቃጥላለች። ቤት ነዷል፤ ሰው ሞቷል፤ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተፈናቅለዋል። የተመለሱት ልጆች መጀመሪያ የጠየቁት ምን እንደነበር የማውቀው ስላየሁ ነው፤ ኳስ ነበር። እዚህ አገር የተለያየ ቋንቋና እምነት ያላቸው ልጆች ማንም ሳያስገድዳቸው አንድ ማሊያ የሚለብሱበት ቦታ የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ይህንን ሜዳ ለሱቅና ለቢሮ ግንባታ ለመቁረስ የሚያስብ ባለሥልጣን ከልጆቹ ምን እየወሰደ እንደሆነ ተረድቷል?

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ርእሳነ መምህራን፣ መስከረም ሲገባ ሦስት ነገር አድርጉልን። የኳሱን ቁልፍ ለስፖርት መምህሩ ስጡት። ከሰዓት በኋላ በሩን ለሰፈሩ አሠልጣኝ ክፈቱ። አንድ ደብተር ግዙና በሜዳችሁ የተጫወተውን ልጅ ሁሉ፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ስሙንና የተወለደበትን ዓመት ጻፉበት። ያ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አንድ ቀን አባት ሆኖ እዚያው ቤት ሲቀመጥ፣ ልጁ «የማን ተማሪ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው ደብተሩን አምጥቶ ያሳየው።