ያልተመዘገበ ችግረኛ፦ የከተሞች ሴፍቲኔትና ትናንሽ ከተሞች
በ2009 ዓ.ም. ወደ ሥራ የገባው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት በመጀመሪያ ምዕራፉ 11 ከተሞችን ያቀፈ ሲሆን፣ ከአማራ ክልል የተካተተችው ደሴ ብቻ ነበረች። ፕሮጀክቱ የጎዳና ተዳዳሪዎችን መልሶ ማቋቋምንም ይጨምር ነበር። የዓለም ባንክ በ2013 ዓ.ም. 400 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት ተከታይ ምዕራፍ ከ80 በላይ ከተሞችን ዒላማ አድርጓል።

ይሁንና መስፋፋቱ ብቻውን እንደ ማንኩሳ ላሉ አነስተኛ ከተሞች ዋስትና አይሆንም። መሬት አጥቶ ከገጠር የወጣ ወጣት ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ በረንዳ ላይ ሲያድር፣ የነዋሪነት መታወቂያ ከሌለው በቀበሌው መዝገብ አይገኝም። ምዕራብ ጎጃም በትርፍ አምራችነቱ መታወቁም ችግረኛውን ይሸፍነዋል። ድጋፍ በውድድር ሲደለደል ደግሞ ሚዛን የሚደፋው መረጃ ነው። ስለሆነም የከተማ አስተዳደሮች ጥሪ ሳይጠብቁ በረንዳ አዳሪዎችን፣ የመጡበትን ቀበሌና ያላቸውን ሙያ ሊመዘግቡ ይገባል። ላልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም።