ሥራ የሚችሉ፣ ኢንተርቪው የማይችሉ

የሥራ ማስታወቂያ የሚለቁ የቴሌግራም ቻናሎችን የሚከታተል ሰው እነዚህን ሐረጎች በቃሉ ያውቃቸዋል፦ «ጥሩ የመግባባት ችሎታ ያለው»፣ «የሥራ ጫና ተቋቁሞ መሥራት የሚችል»። ቦታው ሽያጭም ይሁን ዳታ ኢንኮደር፣ ካሸርም ይሁን መዝገብ ቤት፣ ሐረጉ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር የሚውል ሰው ተጫዋች መሆን ለምን እንዳስፈለገው የሚጠይቅ የለም።

ይህ ልማድ በር የሚዘጋባቸው ሰዎች አሉ። ኦቲዝም፣ ኤዲኤችዲ ወይም ዲስሌክሲያ ያላቸው፣ ባጭሩ አእምሯቸው ከብዙዎቻችን በተለየ መንገድ የሚሠራ አዋቂዎች። ኦቲዝም ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ሕፃን ልጅ ነው። ግን ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። ያኔ ልጆች የነበሩት ዛሬ ሥራ የሚፈለግበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ስለ ትምህርታቸው ትንሽም ቢሆን ማውራት ጀምረናል፤ ስለ እንጀራቸው ግን ዝም ብለናል።

ኢኮኖሚስቱ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 የጻፈውና በኋላ ኖቤል ያሸለመው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ቀጣሪ የአመልካቹን እውነተኛ ችሎታ ከውጭ ማየት ስለማይችል በምልክቶች ይፈርዳል። ዲግሪ አንዱ ምልክት ነው። ኢንተርቪው ላይ ደግሞ ዓይን ዓይን ማየት፣ ፈገግታና ፈጣን መልስ ምልክት ይሆናሉ። ምልክቱ ከሥራው ጋር ካልተገናኘ ግን ቀጣሪው ደሞዝ የሚከፍለው ለወሬ ችሎታ ነው ማለት ነው። የሚገርመው፣ ታላቅን ትኩር ብሎ አለማየት ጨዋነት ነው እየተባልን አድገን፣ ኢንተርቪው ላይ አንገቱን የደፋውን «በራስ መተማመን የለውም» ብለን እንጥለዋለን።

ሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ። ዴንማርካዊው ቶርኪል ሶነ ልጁ ኦቲዝም እንዳለው ካወቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ስፔሻሊስተርነ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ኦቲዝም ያላቸውን ሰዎች ሶፍትዌር እንዲፈትሹ ቀጠረ፤ ችሎታቸውንም በጥያቄና መልስ ሳይሆን የሌጎ ሮቦት እያሠራ ያይ ነበር። የጀርመኑ ኤስኤፒም እ.ኤ.አ. በ2013 የራሱን ፕሮግራም ጀመረ። ኤስኤፒ ትርፍና ኪሳራ የሚያሰላ ድርጅት እንጂ ተረጂ የሚሰበስብ አይደለም።

ኦቲዝም ያለው ሁሉ የኮምፒውተር ሊቅ ነው ማለት ግን አይደለም። ብዙ ድጋፍ የሚፈልጉ አሉ፤ ጨርሶ መሥራት የማይችሉም አሉ። ቡና በመልቀም፣ መዝገብ በማደራጀት ወይም የባንክ ሒሳብ በማመሳከር ሌላው በሚሰለችበት ሰዓት እነሱ ንቁ ሆነው የሚቀጥሉም አሉ። ማን የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሲሠራ ነው።

«ዲግሪ ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ወጣት ሞልቶ እያለ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የሚባለው ወረፋ ይለቀቅላቸው አይደለም፤ በሥራው ይመዘኑ ነው። በሥራ የሚመዝን ቀጣሪ አንደበተ ርቱዕ ያልሆነውን፣ ከክፍለ ሀገር የመጣውን፣ ዘመድ የሌለውንም ይጠቅማል። ደግሞ ቤት የሚውለው ሥራ ያጣው ሰው ብቻ አይደለም። እሱን ለመጠበቅ ሥራዋን የተወች እናት ወይም እህት አለች። አንድ ሰው ሲቀጠር ሁለት ሰው ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል።

ሕጉ መንገዱን አልዘጋም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ በቅጥር ላይ አድልዎ ማድረግንም ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። የ20 ደቂቃ ጨዋታ ከሚነግረን 60 ቀን የተሠራ ሥራ የሚነግረን አይበልጥም?

የሚያስፈልገው ለውጥም ቀላል ነው። ለዳታ ኢንኮደር በኢንተርቪው ፋንታ የሁለት ሰዓት የተግባር ፈተና መስጠት። ትእዛዝን በቃል ወርውሮ ከመሄድ በጽሑፍ መላክ። ጫጫታ የሚረብሸውን ሰው ጥግ ማስቀመጥ ወይም የጆሮ ማዳመጫ እንዲያደርግ መፍቀድ። ከእነዚህ ውስጥ ቦርድ የሚያሰበስብ በጀት የሚጠይቅ የትኛው ነው?

ይህን ከምታነቡት መካከል ነገ ኤችአር ሆኖ የሚቀጥር አለ። ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ ኮፒ ፔስት ከማድረጉ በፊት መስፈርቶቹን አንድ በአንድ ያንብብ፤ ሥራው የማይፈልገውንም ያጥፋ።