ቁልፉ ልክ ነው፤ እረፍቱስ?

«እንደ ፎቶ ነው እኮ!» የሚለው ሙገሳ በቃ አንገሽግሾኛል። የኤድዋር ደታይን ያረፈ ፈረሰኛ ወታደር ባሳየሁ ቁጥር የምሰማው ይህንኑ ነው።

እርግጥ ፈረንሳዊው ደታይ (1848–1912 በፈረንጆቹ) እጁ የተባረከ ነው። የሜሶኒዬ ተማሪ ነበር፤ በ1870 ከፕሩሺያ ጋር በተደረገው ጦርነትም ራሱ ዘምቷል። የደንብ ልብስና መሣሪያ ይሰበስብ ስለነበር ቁልፍ አይሳሳትም፣ ማሰሪያ አይሳሳትም። ይህን የሚክድ ሥዕል አያውቅም።

ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ይህ ሰውዬ ያረፈው ከምን ደክሞ ነው? ልብሱ ንጹሕ፣ ፈረሱ የጠገበ፣ ፊቱ የረጋ። ይሄ እረፍት አይደለም፤ ለመታየት መቆም ነው።

ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይነግራችኋል፤ ፈረሰኛ አረፈ የሚባለው ወርዶ ኮርቻውን ሲያወርድ ነው። በ1914 ኦገስት ላይ የጄኔራል ሶርዴ ፈረሰኞች ቤልጂየም ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ከጥይቱ ይልቅ መንገዱ ፈረሶቻቸውን ጨረሳቸው። ብዙዎቹ ጀርባቸው ገጣባ ሆነ። በዚያው ወር ጥሩር ለባሾቹ የደረት ብረታቸውን እንደለበሱ፣ እግረኛው ቀይ ሱሪውን እንደታጠቀ ወደ መትረየስ ሄደ። ይህን ሥዕል ብቻውን አመጣው አልልም። ግን ወታደርን በማማሩ ብቻ ስንወድ የምንከፍለው ዋጋ አለ።

«ዤሪኮስ?» ለምትሉኝ፣ ጥሩ አነሳችሁ! በ1812 ፈረሱን እያስጋለበ የሚዋጋ መኮንን ሣለ። በ1814 ደግሞ የቆሰለ ጥሩር ለባሽ፣ ከፈረሱ ወርዶ ልጓሙን እንደያዘ ከውጊያው ሲወጣ። ሁለቱም ዛሬ ሉቭር ናቸው። ሁለተኛው ፊት ቆሞ ቁልፍ የሚቆጥር ሰው የለም፤ ሰውየው ይወድቅ ይሆን ብላችሁ ነው የምትጨነቁት። እኔ እውነት የምለው ይህንን ነው።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ሁሉ፣ ለእናንተ ነው የምጽፈው። የታጠቀ ወጣት ፎቶ በየቀኑ እየተለጠፈ፣ ሥሩ «ጀግና!» እየተባለ ባለበት ጊዜ ብዕርና ብሩሽ ይዛችኋል። መሣሪያውንማ አሳምሮ የሚስል ሞልቷል። እናንተ ጫማው ውስጥ ያለውን የቆሰለ እግር ሣሉልን። እንቅልፍ ያጣውን ዐይን ሣሉልን። «እንደ ፎቶ ነው» ባይሏችሁ ምንም አይደል፤ እናቱ ካየችው ታውቀዋለች።